የዓይን ብሌን ሕያውነትና በውስጡ የተተከሉ ሌንሶች ታሪክ

ሩቁን እያየ ቅርቡ ለሚደበዝዝበት ሰው መነጽር እንደሚረዳው የታወቀ ነው። ሌንሱን በዓይን ብሌን፣ ማለት ኮርኒያ በሚባለው ጥርት ያለ የፊት ሽፋን ውስጥ ለመትከል የተደረገውን ሙከራ ግን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። በዚህች አጭር ጽሑፍ የሙከራውን ታሪክ ከተከተልን በኋላ፣ ትምህርቱን በኮልፌ ቀራንዮ ከሚታየው ሕመም ጋር እናገናዝባለን።

እ.ኤ.አ. በ1949 ስፔናዊው የዓይን ሐኪም ሆሴ ባራኬር የብሌንን ቅርጽ በመለወጥ እይታን የማረም ሐሳቡን አሳተመ። በእንስሳት ብሌን ውስጥ የመስተዋት ሌንስ ቢተክልም ብሌኑ እየሳሳ ሌንሱን ወደ ውጭ ተፋው። ብሌን የደም ሥር ስለሌለው ምግቡን በአብዛኛው ከዓይን ውስጥ ፈሳሽ፣ አየሩን ከእንባ ያገኛል፤ መስተዋቱ ግን የምግቡን መንገድ ዘጋ። ስለዚህ ባራኬር በ1960ዎቹ በኮሎምቢያ ከተማ በቦጎታ፣ ከሟች የተገኘ ብሌን አቀዝቅዞ በሌንስ ቅርጽ እየሞረደ በሰው ብሌን ውስጥ አኖረ። ይህም የብሌኑን ጉብታ ስለሚጨምር የቅርብ እይታን ያርማል፤ ሆኖም አሠራሩ እጅግ አስቸጋሪ ነበር።

በኋላ በዕድሜ ለሚመጣው የቅርብ እይታ ድካም ሌላ ዘዴ ተፈለገ። በ2015 በአሜሪካ የተፈቀደው ካምራ ስፋቱ 3.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ምግብ እንዲያሳልፍ 8,400 ያህል ረቂቅ ቀዳዳዎች ነበሩት። በ2016 የተፈቀደው ሬንድሮፕ ግን ብሌንን ስለሚያደበዝዝ በ2018 የመንግሥት ማስጠንቀቂያ ወጣበት።

አሁን ወደ ኮልፌ ቀራንዮ እንመለስ። የአለርት ማዕከል በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ነው። ደዌው የፊትን ነርቭ ሲጎዳ ሽፋሽፍት አይከደንም፤ ብሌንም ይደነዝዛል፣ ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ በመጨረሻም ይታወራል። በባራኬር ሙከራ ብሌኑን ያጠፋው የምግብ እጦት ነበር፤ እዚህ የሚያጠፋው የእንባና የስሜት እጦት ነው።

ከዚህ የምንረዳው ብሌን እንደ መስኮት መስተዋት ግዑዝ ሳይሆን መመገብና መጠበቅ ያለበት ሕያው አካል መሆኑን ነው። መነጽር ብሌኑን ሳይነካ ስለሚያርም ቅድሚያ ይገባዋል፤ የማይከደን ሽፋሽፍትም ቁስል ሳይቀድም ይታከም። በ1995 ዓ.ም. በተቋቋመው የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ በኩል የሚለገሰው ብሌን ደግሞ፣ በእኛ አስተያየት፣ ጠባሳ ብርሃናቸውን ለነሣቸው ወገኖች ይዋል።