ከኢሲዮሎ እስከ ካሳራኒ፤ የጎረቤት ጦርነትና የኬንያ ስደተኛ

በናይሮቢ መሀል ከተማ፣ የሞይ ጎዳናና የኃይለ ሥላሴ ጎዳና በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ አንድ አነስተኛ የመታሰቢያ መናፈሻ ይገኛል። ኦገስት 7 ቀን 1998 በቦምብ የተመታው የአሜሪካ ኤምባሲ የቆመው በዚህ ሥፍራ ነበር። በዚያ ቀን በናይሮቢ ካለቁት 213 ሰዎች መካከል አሜሪካውያኑ 12 ብቻ ነበሩ፤ ከቀሩት አብዛኞቹ በሰው ጠብ መካከል የወደቁ የዚህችው ከተማ ነዋሪዎች ናቸው። ጎዳናው ደግሞ ስሙን ያገኘው በወራሪ ጦር ምክንያት ራሳቸው ስደትን ከቀመሱ፣ በኋላም ከነጻይቱ ኬንያ ጋር የመከላከያ ውል ከተዋዋሉ ንጉሠ ነገሥት ነው። ወረራ፣ ስደት፣ የጸጥታ ውልና የንጹሐን ሞት በአንድ የመንገድ ማዕዘን ላይ ተገናኝተዋል።

ጦር ድንበር በሚሻገርበት ጊዜ የሚወራው ስለተያዙት ከተሞችና ስለ ጄኔራሎቹ ነው። ጦርነቱ ከበረደ በኋላ የሚቀረው ግን ሌላ ነገር ነው፤ አዋጅ፣ የስደተኛ ካምፕ፣ በጎዳና ላይ የሚጠየቅ ወረቀት። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህንኑ ቀሪ ነው። ባለፉት ዘጠና ዓመታት በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በሶማሊያ መካከል የተካሄዱት ዘመቻዎች እዚህ ኬንያ ውስጥ በሚኖረው ሰው ኑሮ ላይ ምን ጥለው እንዳለፉ በሦስት ምዕራፍ እናያለን። ዓመታቱ የተጠቀሱት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ኢሲዮሎ

የፋሺስት ኢጣልያ ጦር በኦክቶበር 1935 ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ በደቡብ ግንባር የተሰለፈው የራስ ደስታ ዳምጠው ሠራዊት ነበር። ይህ ሠራዊት በጃንዋሪ 1936 በዶሎና በገናሌ ዶርያ አካባቢ በጄኔራል ግራዚያኒ አውሮፕላኖችና ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎች ተመትቶ ተበተነ። አዲስ አበባ በሜይ 5 ቀን 1936 ከተያዘች በኋላም በሲዳሞ በኩል የቀረው ተዋጊ ለወራት መከላከሉን አላቋረጠም፤ ራስ ደስታ ተይዘው የተገደሉት በፌብሩዋሪ 1937 ነው። በዚህ መካከል በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ሴቶቻቸውንና ሕፃናቶቻቸውን ይዘው ወደ ኬንያ ተሻገሩ። የኢጣልያን ሰንደቅ ዓላማ ጥለው የከዱ ኤርትራውያን ወታደሮችም አብረዋቸው ነበሩ።

የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር እነዚህን ሰዎች በቸርነት ዓይን ብቻ አልተመለከታቸውም። ለንደን ከሮም ጋር ያላትን ግንኙነት ማሻከር አልፈለገችም ነበርና፤ እንዲያውም በኤፕሪል 1938 ከኢጣልያ ጋር ባደረገችው ስምምነት ወረራውን በሕጋዊነት ለመቀበል ተስማማች፤ በኖቬምበርም ስምምነቱ ተፈጻሚ ሆነ። በዚህ ስሌት ውስጥ ከድንበር ማዶ የመጣ የታጠቀ ኢትዮጵያዊ የሚያሳስብ ሰው ነበር። ስለዚህ ስደተኞቹ መሣሪያቸውን አስረክበው፣ ከድንበሩ ርቀው በኢሲዮሎ፣ ኋላም በታንጋኒካ ወሰን አጠገብ በምትገኘው በታቬታ በካምፕ እንዲቀመጡ ተደረገ። ለአገሩ እንግዳ፣ ለሰዉ ባዳ የሆነ ሕዝብ በሽቦ አጥር ውስጥ ሆኖ ዓመታትን ቈጠረ።

ጁን 10 ቀን 1940 ሙሶሊኒ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ሲያውጅ ነገሩ ሁሉ በአንድ ሌሊት ተገለበጠ። ትናንት ለጸጥታ ሥጋት ተብሎ የተከለለው ስደተኛ ዛሬ የጦር ጓድ ሆኖ ተፈለገ። ከካምፖቹ ወንዶች ተመልምለው ሠለጠኑ፤ አገራቸውን ነጻ ለማውጣትም ዘመቱ። ከኬንያ የተነሣው የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር በፌብሩዋሪ 1941 ኪስማዮንና ሞቃዲሾን፣ በኤፕሪል 6 ደግሞ አዲስ አበባን ያዘ።

ከዚህ ታሪክ የምንቀስመው ቁም ነገር ግልጽ ነው። በ1938 በአጥር ውስጥ የነበረውና በ1940 ጠመንጃ የተሰጠው ሰው ያው አንድ ሰው ነው። በመካከሉ የተለወጠው የለንደን ፖለቲካ እንጂ የእርሱ ጠባይ አልነበረም። «ለጸጥታ ያሰጋል» የሚለው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ተፈራጁ ሳይሆን ስለ ፈራጁ ሁኔታ የሚናገር መሆኑን ኢሲዮሎ ቀድማ አስተምራናለች።

የተዋስነው ጠላት፣ የተዋሱት ቃል

ኬንያ በዲሴምበር 12 ቀን 1963 ነጻነቷን ስታውጅ ከቅኝ ገዥዋ የወረሰችው አንድ ከባድ ጥያቄ ነበር። በሰሜናዊው የድንበር ግዛት የሚኖሩት ሶማሌዎች አብዛኞቹ ከአዲሲቱ ሶማሊያ ጋር መቀላቀልን ይሹ ነበር። ኢትዮጵያም በኦጋዴን በኩል ተመሳሳይ ጥያቄ ተደቅኖባት ስለነበር አዲስ አበባና ናይሮቢ በአንድ ሥጋት ተሳሰሩ፤ ኬንያ ነጻ በወጣችበት ዋዜማና ማግሥትም የጋራ መከላከያ ውል ተዋዋሉ። ይህ ውል ዘውዱ ወድቆ ደርግ ከተተካ በኋላም አልፈረሰም። በ1977 እና በ1978 በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ ኬንያ ከኢትዮጵያ ጎን ቆማለች፤ በ1979ም ሁለቱ መንግሥታት የወዳጅነትና የትብብር ውል ተፈራርመዋል። አንዱ ወታደራዊ ሶሻሊስት፣ ሌላው የምዕራቡ ዓለም ወዳጅ ሆነው ሳለ ሥጋቱ ከርእዮተ ዓለሙ በልጦ ተገኘ።

በኬንያ ሰሜን ምሥራቅ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀው ነጻነት በተከበረበት በዚያው ወር መጨረሻ ነው። ተከትሎ የመጣው የአራት ዓመት ግጭት በኬንያ ታሪክ የሚታወቀው «የሺፍታ ጦርነት» በሚል ስም ነው። ቃሉ የእኛው «ሽፍታ» መሆኑን ለአማርኛ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። በእኛ አገር ግን ሽፍታ ሁለት ፊት ነበረው። አንደኛው መንገደኛ የሚዘርፍ ወንበዴ ነው፤ ሁለተኛው በደል ደርሶበት፣ ፍርድ አጥቶ ጫካ የገባ ሰው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት በቋራ ሸፍተው ነበር፤ ኢጣልያኖችም አርበኞቻችንን በዚሁ ቃል ጠርተዋቸዋል። ቃሉ ድንበር ተሻግሮ ወደ ኬንያ ሲገባ ግን ሁለተኛውን ፊቱን ጥሎ ገባ። ጥያቄ ያለው ሰው ሁሉ ወንበዴ ተባለ፤ ከወንበዴ ጋር ደግሞ ሙግት የለም።

ጦርነቱ በኦክቶበር 1967 በዛምቢያው ፕሬዚዳንት በኬኔት ካውንዳ ሸምጋይነት በአሩሻ በተደረሰ ስምምነት አበቃ። አዋጁ ግን ከጦርነቱ ጋር አላበቃም። በ1970 የወጣ ሕግ በዘመቻው ጊዜ በደል የፈጸሙ የጸጥታ ሰዎች እንዳይከሰሱ ከለላ ሰጠ። በፌብሩዋሪ 1984 በዋጂር አቅራቢያ ዋጋላ በተባለ የአውሮፕላን ማረፊያ የተሰበሰቡ የአካባቢው ወንዶች በወታደሮች እጅ በብዛት አለቁ። በ1989 ደግሞ ኬንያውያን ሶማሌዎች ዜግነታቸውን እያስመሰከሩ ከሌላው ዜጋ የሚለያቸውን ካርድ እንዲይዙ ተገደዱ። በሰሜን ምሥራቅ የአስቸኳይ ጊዜው ሕግ የተነሣው በ1991 ነው፤ ይህም ሰላም ከወረደ ከሃያ አራት ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። የኬንያ የእውነት፣ የፍትሕና የዕርቅ ኮሚሽን በ2013 ባቀረበው ዘገባ እነዚህን በደሎች መዝግቧቸዋል። ጊዜያዊ ተብሎ የሚወጣ የጸጥታ ሕግ ከወለደው ጦርነት ይልቅ ዕድሜው ረጅም መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

ኢስሊና ካሳራኒ

አስቸኳይ ጊዜው በተነሣበት በ1991 ዓመት የሶማሊያም የኢትዮጵያም መንግሥታት ወደቁ። የሶማሊያ ስደተኞች ወደ ዳዳብ፣ ኢትዮጵያውያኑ ወደ ዋልዳና ወደ ቲካ፣ በኋላም ወደ ካኩማ ገቡ። ከካምፕ ይልቅ ከተማን የመረጠው ግን ኢስሊን መኖሪያው አደረገ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሶማሊኛ በአንድ ደረጃ ላይ የሚሰሙበት፣ እንጀራና ዐንጀሮ ጎን ለጎን የሚሸጡበት ይህ ሠፈር የሁለት አገሮች ውድቀት ያቆመው ነው ማለት ይቻላል።

በዲሴምበር 2006 የኢትዮጵያ ጦር የእስላማዊ ፍርድ ቤቶችን ኅብረት ለማስወገድ ሶማሊያ ገባ፤ በወሩ መጨረሻም ሞቃዲሾ ደረሰ። በጃንዋሪ 2009 ለቅቆ ሲወጣ ከኅብረቱ ክንፎች አንዱ የነበረው አልሸባብ ራሱን የቻለና ይበልጥ የከረረ ኃይል ሆኖ ነበር። ኬንያ በጃንዋሪ 2007 ድንበሯን ዘጋች። ከውጊያው ሸሽተው የተያዙ በርካታ ሰዎችም ያለ ፍርድ ከናይሮቢ በአውሮፕላን ወደ ሶማሊያ፣ ከዚያም ወደ ኢትዮጵያ እስር ቤቶች ተላለፉ፤ ከመካከላቸው የኬንያ ዜጎች ይገኙ ነበር። ኢስሊ ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ ይህ ጊዜ ልዩ ምሬት ነበረው። እርሱ ከመንግሥቱ የሸሸ ሲሆን፣ ጎረቤቱ ደግሞ ከዚያው መንግሥት ጦር የሸሸ ነበር፤ ሁለቱም ግን በአንድ ፖሊስ ፊት አንድ ዓይነት ወረቀት ይጠየቁ ነበር።

ቀጥሎ ተራው የኬንያ ሆነ። በላሙ የባሕር ዳርቻና በዳዳብ የውጭ ሰዎች ከታፈኑ በኋላ በኦክቶበር 2011 የኬንያ ጦር «ሊንዳ ንቺ»፣ ማለትም «አገርን ጠብቅ» በሚል ስም ድንበሩን ተሻገረ፤ በ2012ም በአፍሪካ ኅብረት ተልእኮ ሥር ገባ። አጸፋው ከባድ ነበር። በሴፕቴምበር 2013 በዌስትጌት የገበያ ማዕከል 67 ሰዎች ተገደሉ፤ በኤፕሪል 2015 በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ 148 ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ይህን ያየ መንግሥት ዜጎቹን ለመጠበቅ መነሣቱ ግዴታው ነው፤ ስደተኛውም ቢሆን በዚያው ገበያ የሚገበይ፣ በዚያው አውቶቡስ የሚሳፈር ነውና ጥበቃው ለእርሱም ነው። ጥያቄው ጥበቃው በማን ላይ አረፈ የሚለው ነው።

በዲሴምበር 2012 የከተማ ስደተኞች ሁሉ ወደ ዳዳብና ወደ ካኩማ እንዲገቡ ታዘዘ። ትእዛዙ በፍርድ ቤት ተከሰሰ፤ በጁላይ 2013 ዳኛ ዴቪድ ማጃንጃ ሻሩት። ፍርዳቸው ያረፈበት አንዱ ዐምድ የ2010ሩ የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ሲሆን፣ ይህ አንቀጽ የመዘዋወር ነጻነትን የሚሰጠው ለዜጋ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ሰው ነው። ከዚህም በላይ፣ ስደተኛ በከተማ መኖሩ ከጸጥታው መታወክ ጋር ምን እንደሚያገናኘው መንግሥት አላስረዳም ሲሉ ፈረዱ።

ዌስትጌት ከተመታ በኋላ ትእዛዙ በማርች 2014 ተመልሶ መጣ። በኤፕሪል «ኡሳላማ ዋች» የተባለው ዘመቻ ኢስሊን ከበበ። ቤት ለቤት ፍተሻው ሌት ከቀን ቀጠለ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻ አራት ሺህ ገደማ ሰዎች ተያዙ፤ የእስር ቤቶቹ ቦታ ሲጠብ የካሳራኒ ስታዲየም ማጣሪያ ሆነ። ከተያዙት የሚበዙት ሶማሌዎች ሲሆኑ ኢትዮጵያውያንም ነበሩበት፤ በመቶዎች የሚቆጠሩትም ወደ ሞቃዲሾ ተጫኑ። ፖሊስን የሚቆጣጠረው ነጻ ባለሥልጣን በዚያው ዓመት ባወጣው ዘገባ በዘመቻው የሰዎች መብት መጣሱን ገልጿል። ፍርድ ቤቱም ቢሆን ሁልጊዜ ለስደተኛው አልወገነም፤ በጁን 2014 ሌላ ዳኛ የማርቹን ትእዛዝ አጸኑት። በፌብሩዋሪ 2015 ግን የኬንያ የስደተኞች ቁጥር ከ150 ሺህ እንዳይበልጥ የሚደነግገው የአዲሱ የጸጥታ ሕግ ክፍል ከሌሎች አንቀጾች ጋር ተሻረ፤ ዳዳብን ለመዝጋት የወጣው ትእዛዝም በ2017 እንዲሁ።

ኋላ የታየው ነገር የዳኛ ማጃንጃን ጥያቄ ክብደት አሳይቷል። በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ላይ አደጋ ከጣሉት አንዱ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ምሩቅ፣ የመንግሥት ሹም ልጅ የሆነ ኬንያዊ ነበር፤ በጃንዋሪ 2019 በናይሮቢ በሆቴልና በቢሮዎች ላይ የተጣለውን አደጋ የመራውም የኬንያ ወታደር ልጅ ነበር። ሁለቱም የተሟላ መታወቂያ ነበራቸው። ወረቀት የሌለውን ሰው ስታዲየም ውስጥ ማጎር እነርሱን አይዛቸውም ነበር።

ኬንያ በ2021 አዲስ የስደተኞች ሕግ አውጥታለች፤ በማርች 2025ም ካምፖችን ቀስ በቀስ ከአካባቢው ኑሮ ጋር ለማዋሐድ «ሺሪካ» የተባለውን ዕቅድ ይፋ አድርጋለች። የእኛም አገር በ2019 ባወጣችው አዋጅ ለስደተኞች የመሥራትና የመዘዋወር መብት ፈቅዳለች። ይህንን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ራስ ደስታ በተዋጉበት በዶሎ አካባቢ፣ በዶሎ አዶ፣ ዛሬ የሶማሊያ ስደተኞች በካምፕ ይኖራሉ። አያቶቻችን ተሸንፈው ወደ ኢሲዮሎ ከሄዱበት ምድር ላይ እኛ ደግሞ ወረቀት ጠያቂዎች ሆነናል። ስለዚህ በናይሮቢ ለራሳችን የምንጠይቀውን በዶሎ አዶ ለሌላው መንፈግ አንችልም።

በ1937 በኢሲዮሎ አጥር ውስጥ የገባው ወታደር «ምን አድርጌ ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት ዳኛ አልነበረውም። በ1989 ካርድ የተሰጠው የጋሪሳ ሰውም እንዲሁ። በ2013 ግን በናይሮቢ አንድ ዳኛ ያንን ጥያቄ ወደ መንግሥት አዞሩት፤ ማስረጃው የት አለ አሉ። መልሱ በየጊዜው ሊለያይ ይችላል፤ ከዚህ ወዲያ ግን ጥያቄው በፍርድ መዝገብ ላይ ተጽፎ ይገኛል።