የውሻ ቁጥጥር ሕግ በብልባላና በላስታ ደጋ

የውሻ ቁጥጥር ሕግ የሚባለው ውሻ በሰው፣ በከብትና በዱር እንስሳ ላይ ጉዳት እንዳያደርስ ባለቤቱን የሚያስገድድ፣ ጉዳት ከደረሰም ማን እንደሚክስ የሚወስን ደንብ ነው። ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ብልባላና በዙሪያዋ ባሉት የላስታ ወረዳ ቀበሌዎች ነገሩን የሚገዛው አንድ ራሱን የቻለ ሕግ የለም። ድንጋጌዎቹ በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ በወንጀል ሕጉና በእንስሳት በሽታ አዋጁ ውስጥ ተበታትነው ነው የሚገኙት። አፈጻጸሙም በአንድ መሥሪያ ቤት እጅ አይደለም፤ የቀበሌ አስተዳደሩ፣ ሚሊሻው፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያው፣ የጤና ጣቢያው ነርስና የአገር ሽማግሌው ይከፋፈሉታል። ከነዚህ ሁሉ ብዙውን ጉዳይ የሚጨርሰው ሽማግሌው ነው። የጽሑፍ ሕጉ የሚደርሰው ግን ውሻው ከነከሰ በኋላ ስለሆነ፣ የሰው ነፍስ የሚተርፈው ከዚያ በፊት በሚደረግ ክትባትና ከንክሻው በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት በሚወሰድ ጥንቃቄ ነው።

ውሻና ባለቤቱ

በላስታ ደጋ ውሻ የሚያዘው ለጥበቃ ነው። ቀን ደጃፍ ላይ ይተኛል ወይም እረኛውን ተከትሎ ይወጣል፤ ሌሊት ከበረት ጅብና ቀበሮ ያባርራል። ምግቡ የቤት ትራፊ ነው፤ እሱ ካልበቃው ከጎረቤት፣ ከገበያ ሜዳና ከብት ከሚታረድበት ቦታ ይለቅማል። ስለዚህ «ባለቤት ያለው» እና «ባለቤት የሌለው» የሚለው የከተማ አከፋፈል እዚህ ብዙም አይሠራም። አብዛኛው ውሻ ባለቤት አለው፣ አብዛኛው ደግሞ ልቅ ነው። በሰንሰለት የሚታሰረው ከታወቀ ተናካሽ ውሻ በቀር ጥቂቱ ነው፤ እሱም ሲመሽ ይፈታል። መንገደኛ ዱላ ሳይዝ በማያውቀው መንደር የማያልፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ከላሊበላ ከተማ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በገና ሰሞን ምዕመናን ከየአገሩ ሲጎርፉ እርዱና የምግብ ትራፊው ይበዛል፤ ውሻውም ወደዚያው ይሰበሰባል። ከተማዋ የራሷ አስተዳደር ስላላት ደንብ አውጥታ ማስከበር ትችላለች። የገጠር ቀበሌ ግን ውሻ የሚይዝ ሠራተኛም ማቆያም የለውም።

የጽሑፍ ሕጉ

መሠረቱ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል፤ እንስሳው በድንገት ቢያመልጥም፣ ጉዳቱ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም ኃላፊነቱ አይቀርም። ይህ ጠንካራ አንቀጽ ነው። የተነከሰው ሰው ባለቤቱ ማጥፋቱን ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ ውሻው የማን እንደሆነና እንደነከሰው ማስረዳቱ ይበቃዋል። «በሩ ተዘግቶ ነበር፣ ማን እንደከፈተው አላውቅም» የሚለው የተለመደ መልስ ባለቤቱን ከዕዳ አያድነውም። ክሱ ግን ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

አንቀጽ 2073 የቤት እንስሳ ባለቤት እንስሳውን ለተጎጂው በማስረከብ ከኃላፊነት እንዲወጣ ይፈቅድለታል፤ ጉዳቱ በራሱ ጥፋት የደረሰ እንደሆነ ግን አይችልም። በዚህ መንገድ ወይፈን ወይም በቅሎ የተረከበ ተጎጂ የሚሸጠው ነገር ያገኛል። ተናካሽ ውሻ የተረከበ ሰው የሚያገኘው ሌላ አደጋ ነው። ስለዚህ በውሻ ጉዳይ ክርክሩ ባለቤቱ አጥፍቷል ወይስ አላጠፋም ወደሚለው ይመለሳል። ውሻው ከዚህ በፊት ነክሶ እንደነበር እየታወቀ ልቅ መተዉ፣ ክትባት ሲሰጥ ይዞ አለመቅረቡ፣ ተማሪዎች በሚያልፉበት ሰዓት መፍታቱ ያን ጊዜ ዋጋ ይኖራቸዋል።

ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ልኬቱ በ1952 ዓ.ም. ሲጻፍ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ልጁ በእብድ ውሻ በሽታ ለሞተበት አባት 1,000 ብር ፍርድ ነው ማለት ይከብዳል። የሕክምናና የመጓጓዣ ወጪው በዚህ ጣሪያ አይታሰርም፤ እውነተኛው ካሳ የሚገኘው ከዚያ ነው፤ ደረሰኝ ማስቀመጥም የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ደግሞ በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስን በአንቀጽ 559፣ በቸልተኝነት ሰው መግደልን በአንቀጽ 543 ያስቀጣል። የኋለኛው በመደበኛው ሁኔታ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር መቀጮ አለው። አደገኛነቱን የሚያውቀውን ውሻ የለቀቀ ሰው በነዚህ አንቀጾች ሊጠየቅ ይችላል። ሦስተኛው ምንጭ የእንስሳት በሽታዎችን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 267/1994 ነው፤ የእንስሳት ጤና ባለሥልጣኑ በሽታን ለመግታት እርምጃ እንዲወስድ ሥልጣን ሰጥቶታል።

በሽማግሌ ፊት

ከንክሻ ጉዳዮች ፍርድ ቤት የሚደርሱት ጥቂቶቹ ናቸው። አነስተኛ ክርክር ለቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ከፍ ያለው ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በብዛት ግን ሁለቱ ቤተሰቦች ሽማግሌ ይቀመጣሉ። ጎረቤታሞች ናቸው፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ይቆርባሉ፣ በአንድ ቅሬ ይቀባበራሉ፤ በውሻ ምክንያት መካሰስ ነውር ነው። የሽማግሌው ፍርድ የማሳከሚያ ወጪውን በባለቤቱ ላይ ይጥላል፤ ውሻውም እንዲገደል ያዛል። ፍጥነቱና ሰላም የማውረድ ኃይሉ ከየትኛውም ችሎት ይበልጣል፤ ይህን የሚያቃልል ሰው የገጠሩን ኑሮ አያውቅም።

ሽምግልናው የሚስተው አንድ ነገር ላይ ነው፤ እሱም የውሻው መገደል ነው። ውሻው ጤነኛ የሚመስል ከሆነ ወዲያው መገደል የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ነካሹን ውሻ አስሮ ለ10 ቀን መከታተል ነው። ቫይረሱ ወደ ምራቅ የሚወጣው ውሻው ከመታመሙ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው፤ ስለዚህ ሲነክስ ቫይረሱን በምራቁ ይዞ የነበረ ውሻ በ10 ቀን ውስጥ ይታመማል፣ ይሞታልም። አሥሩን ቀን በጤና ካለፈ በዚያ ንክሻ በሽታው አልተላለፈም ማለት ነው፤ የተጀመረውም ክትባት ሊቋረጥ ይችላል። በንዴት ተገድሎ ገደል የተጣለ ውሻ ይህን ማስረጃ ይዞ ይሄዳል። ቤተሰቡ ሳያስፈልገው ሙሉ ክትባት ይገዛል፤ አለዚያም «ውሻው ደህና ነበር» እያለ ሳያስከትብ ይቀራል።

ውሻው በግልጽ ያበደ ከሆነ፣ ማለትም ያገኘውን ሁሉ የሚለክፍ፣ አፉ የሚዝረበረብ፣ ድምፁ የሰለለ፣ የኋላ እግሩ የሚጎተት ከሆነ፣ መግደል ግዴታ ነው። ያኔም ጭንቅላቱን አለመቀጥቀጥ ይጠቅማል፤ በሽታው በላቦራቶሪ የሚረጋገጠው ከአንጎሉ በሚወሰድ ናሙና ነውና። ለብዙ ዓመታት ይህን ምርመራ የሚሠራው አዲስ አበባ የሚገኘውና ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ የሚጠራው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ከብልባላ እስከዚያ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ናሙናው ደግሞ በበረዶ መሄድ አለበት። ስለዚህ በላስታ የውሻው ምልክትና የአሥር ቀኑ ክትትል የላቦራቶሪውን ቦታ ይተካሉ። ለቀበሌ ሊቀመንበር ትልቁ የውሻ ቁጥጥር ሥልጣን ነካሹን ውሻ በጠንካራ ሰንሰለት ታስሮ፣ ውኃና ምግብ እየተሰጠው፣ በእንስሳት ጤና ባለሙያ እየታየ እንዲቆይ ማዘዝ ነው። ለዚህ በጀት አያስፈልግም።

የተነከሰው ሰው

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ዓለም አቀፍ ግምት በዓመት 59,000 ሰው እንደሚሞትበት አስቀምጧል፤ የኢትዮጵያ ድርሻ ወደ 2,700 ይጠጋል። ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው፤ እረኞች እነሱ ናቸውና። ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ የመጀመሪያው ሕክምና ነው፤ ከጤና ጣቢያ የአንድ ቀን መንገድ ለሚርቅ ልጅ ደግሞ ከምንም በላይ ያስፈልገዋል። ቀጥሎ ክትባት ነው። ቀድሞ በፓስተር ከበግ አንጎል የሚዘጋጀው ክትባት በሆድ ላይ ለተከታታይ ቀናት ይወጋ ስለነበር ብዙ ሰው ሳይጨርስ ያቋርጠው ነበር፤ የአሁኑ በክንድ ላይ በጥቂት ዙር የሚሰጥ ነው። ሆኖም በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ወልድያ መውረድ ይጠይቃል። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ሰሜን ወሎን ያዳረሰው ጦርነት የጤና ተቋማትን ጎድቶ ይህን ርቀት አባብሶታል።

ሕዝቡ ለተለከፈ ሰው ጠበል ያጠምቃል፤ የባህል መድኃኒተኛም እንዶድና ሰንሰል ይሰጣል። የባህል ሕክምናውን ታሪክ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ መዝግበውታል። ጠበሉ ከክትባት ጋር አይጣላም፤ ሁለቱም በአንድ ሳምንት ሊሆኑ ይችላሉ። የሚገድለው ክትባቱን እስከሚያስቀር ድረስ በመድኃኒተኛ ቤት የሚባክነው ጊዜ ነው። ንስሐ አባቶች ይህን ለንስሐ ልጆቻቸው ቢነግሩ ከየትኛውም መመሪያ በላይ ይሰማሉ።

መርዝ ወይስ ክትባት

በኢትዮጵያ ከተሞች፣ በተለይ በአዲስ አበባ፣ የጎዳና ውሻ ለረጅም ዘመን የሚወገደው ስትሪክኒን በተባለ መርዝ በተለወሰ ሥጋ ነበር። ርካሽ ስለሆነና ውጤቱ በማግስቱ ስለሚታይ ሹማምንት ይመርጡት ነበር። ሬሳውን የበላ ጅብና ጥንብ አንሳ አብሮ ይሞታል፤ ውሻውም በመንቀጥቀጥ ተሰቃይቶ ነው የሚሞተው። በሽታውን ደግሞ አያጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ1997 በሽታው የገባባት የኢንዶኔዥያዋ ፍሎሬስ ደሴት እጅግ ብዙ ውሾች ገድላ በሽታው አልለቀቃትም። የተገደለው ውሻ ቦታ በወራት ውስጥ ባልተከተቡ ቡችሎች ይሞላል፤ ተከትቦ የነበረውም አብሮ ስለሚገደል ከለላው ይፈርሳል። ብሪታንያ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አፍ ማሰሪያን ግዴታ አድርጋ እ.ኤ.አ. በ1902 በሽታውን ያጠፋችው ባለቤቱን የሚቀጣ ፖሊስና የተዘጋ ድንበር ስለነበራት ነው። በላስታ ገደላገደል ለሌሊት ጠባቂ ውሻ አፍ ማሰር ትርጉም የለውም።

የሚሠራው ከውሾቹ 70 በመቶ የሚሆኑትን በየዓመቱ መከተብ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 ቅድሚያ ከሰጠቻቸው አምስት ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች አንዱ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ዓለም አቀፉ ግብም በውሻ በሚተላለፈው በዚህ በሽታ የሚደርስን የሰው ሞት እ.ኤ.አ. በ2030 ማስቀረት ነው። በተግባር ግን የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጊዜውና ማቀዝቀዣው ለበግና ለከብት ክትባት ነው የሚውለው። ውሻ አይሸጥም፣ ግብርም አያስገኝም፤ ስለዚህ ከዕቅዱ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ውሻን ይዞ የሚያቀርበው ደግሞ ማነው? አባወራው እርሻ ላይ ነው፤ ውሻው የሚታዘዘው ለልጁ ነው። ክትባቱ ትምህርት በሌለበት ቀን ከተደረገ ልጆቹ ውሾቻቸውን በገመድ እየሳቡ ያመጧቸዋል።

አቡነ ዮሴፍ

የላስታን የውሻ ጉዳይ ከሌላው ወረዳ የሚለየው ከላሊበላ በላይ ከ4,200 ሜትር በላይ የሚደርሰው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ነው። ጓሳ በተባለው ሣር በተሸፈነው ሜዳው ላይ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ፣ በአገሪቱ ሁሉ አዋቂዎቹ ወደ 500 ብቻ የሚገመቱ እንስሳ ነው። የአቡነ ዮሴፉ መንጋ ትንሽና ከሌሎቹ የተቆረጠ ነው። ለእሱ ትልቁ አደጋ እረኛን ተከትሎ የሚወጣ ያልተከተበ ውሻ ነው።

ይህ ሥጋት በባሌ ታይቷል። በ1984 ዓ.ም. ገደማና እንደገና በ1996 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ተራሮች ገብቶ በተጠቁት መንጋዎች ውስጥ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹን ጨርሷል። በሽታው የመጣው ከቤት ውሻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የሚሠራው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በመኖሪያቸው ዙሪያ ያሉ ውሾችን ይከትባል፤ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ በሥጋ ውስጥ ተደርጎ ቀበሮዎቹ የሚበሉትን ክትባት በባሌ ጀምሯል። ባሌ ሰፊ ስለሆነ ከሁለቱም ወረርሽኞች በኋላ መንጋው ቀስ በቀስ አገግሟል። በአቡነ ዮሴፍ ያሉት ቀበሮዎች ግን በቁጥር ጥቂት ስለሆኑ አንድ ብርቱ ወረርሽኝ ሊያጠፋቸው ይችላል፤ የሚተካቸው መንጋም በአቅራቢያ የለም።

በተራራው ላይ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ተከልሏል። ለግጦሽና ለጓሳ አጨዳ ወሰን ማበጀት የቻለ ማኅበረሰብ ወደ ጓሳው የሚወጣ እረኛ ውሻውን ቤት እንዲተው፣ ወይም የተከተበ ብቻ ይዞ እንዲወጣ በራሱ ደንብ መወሰን ይችላል። የተከተበውን ውሻ ለመለየት አንገቱ ላይ ቀለም ያለው ጨርቅ ማሰር ይበቃል፤ የጥብቅ ስፍራው ጠባቂ ጨርቁን ከሩቅ አይቶ ያሳልፈዋል ወይም ይመልሰዋል።