ጭምብል የመጨረሻው አጥር ነው፦ በሥራ ቦታ የጤና ጠንቆችን መለየትና መቆጣጠር

ጎንደር፦ በጎንደር ከተማ ወፍጮ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የዋለ ሠራተኛ ምሽት ላይ ሲያስለው፣ በደባርቅ ወይም በዳባት እህሉን ከነቀዝ ለመጠበቅ ኪኒን የጨመረ ገበሬ በማግስቱ ራሱን ሲያመው፣ ከመተማ የሰሊጥ አረማ የተመለሰ ወጣት ትኩሳቱ አልለቅ ሲለው፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ለብርድ ወይም ለድካም ይሰጣል። የሦስቱም ሕመም ግን ከሥራቸው የመጣ ሊሆን ይችላል።

ይህን ዓይነቱን ጉዳት አስቀድሞ የሚከላከለው ዘርፍ የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ይባላል። ሐኪም የታመመውን ሰው ሲመረምር የዚህ ዘርፍ ባለሙያ የሥራ ቦታውን ይመረምራል። ጎንደር ለሙያው እንግዳ አይደለችም። በ1947 ዓ.ም የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖችና ከማኅበረሰብ ነርሶች ጋር የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር። ዛሬም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በአካባቢና በሙያ ጤንነትና ደኅንነት ያስተምራል። የባለሙያው ሥራ ሦስት ደረጃዎች አሉት፦ መለየት፣ መመዘን እና መቆጣጠር።

መለየት፦ ጠንቁ ምንድን ነው?

የሥራ ቦታ ጠንቆች በአምስት ይከፈላሉ።

ኬሚካላዊ፦ የዱቄትና የአውድማ ብናኝ፣ የሲሚንቶ አቧራ፣ የጸረ ተባይ መድኃኒት፣ የጋራዥ ጭስ። የሲሊካ ይዘት ያለው ድንጋይ ሲፈለጥ የሚወጣው ደቃቅ ብናኝ ሳንባን የሚያጠጥር የማይድን ሕመም ያስከትላል።

አካላዊ፦ ጩኸት፣ ንዝረት፣ ሙቀት፣ ብርድ፣ የብየዳ ብርሃን።

ሥነ ሕይወታዊ፦ በአባ ሰንጋ የሞተን እንስሳ መግፈፍ፣ የጨነገፈ ጥጃን በባዶ እጅ ማንሳት። ከደጋው ወርደው በመተማና በሁመራ እርሻዎች በቀን ሥራ የሚሰማሩ ወጣቶችን የሚያጠቃው ካላዛርም በሥራ ምክንያት የሚመጣ ሕመም ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትናከሰው በአብዛኛው ሌሊት ስለሆነ፣ ከግራር ዛፍ ሥር ያለ አጎበር ማደር አደጋውን ያከብደዋል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለው።

የአካል አያያዝ፦ ከባድ ጆንያ መሸከም፣ ሸማኔን ለረጅም ሰዓት አጎንብሶ የሚያቆየው አቀማመጥ።

ሥነ ልቡናዊ፦ ያለ ዕረፍት መሥራት፣ ማስፈራሪያ፣ ብቻን የሌሊት ጥበቃ።

መመዘን፦ ጠንቁ ምን ያህል ነው?

ባለሙያው ጩኸትን፣ ብናኝንና ጋዝን በመሣሪያ ይለካል። ለጩኸት በብዙ አገሮች የሚሠራበት መጠን በቀን ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው። መሣሪያ የሌለው ሰው ግን ሦስት ነገሮችን መታዘብ ይችላል። በክንድ ርቀት ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮኽ ካስፈለገ ጩኸቱ ለጆሮ አደገኛ ነው። በመስኮት በገባ የፀሐይ ጨረር ውስጥ ብናኝ ከታየ አየሩ ንጹሕ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ሳንባ ድረስ የሚዘልቀው ደቃቁ ብናኝ በዓይን ስለማይታይ ጨረሩ ጠራ ማለት አደጋ የለም ማለት አይደለም። ሳሉ ወይም ራስ ምታቱ በሥራ ቀን ብሶ በዕረፍት ቀን ከቀለለ፣ ወይም አብረው የሚሠሩ ሰዎች አንድ ዓይነት ሕመም ካላቸው መንሥኤው በሥራ ቦታው ሊፈለግ ይገባል።

መቆጣጠር፦ ከየት ይጀመራል?

ብዙ ሰው መከላከያ ሲባል የሚያስበው ጭምብልን ነው። በሙያው ቅደም ተከተል ግን ጭምብል መጨረሻ ላይ ይመጣል። አንደኛው ጠንቁን ፈጽሞ ማስወገድ ነው። ሁለተኛው አደገኛውን በማያሰጋ መተካት ነው። ሦስተኛው ጠንቁን ከሰው መለየት ነው፤ ወፍጮውን መክደን፣ ብናኙን ወደ ውጭ የሚስብ ማራገቢያ መግጠም፣ ሞተሩን በግድግዳ መለየት፣ ድንጋይ ከመፈለጡ በፊት ውኃ ማርከፍከፍ። አራተኛው የአሠራር ለውጥ ነው፤ ሠራተኛን ማፈራረቅ፣ ወለሉን በደረቁ ከመጥረግ ይልቅ አርጥቦ ማጽዳት፣ በአውድማ ላይ ነፋስን ከጀርባ አድርጎ መቆም። ጭምብል፣ ጓንትና የጆሮ መድፈኛ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ለቀረው አደጋ የሚውሉ ናቸው። ነጠላ ወይም ሻርፕ በአፍና በአፍንጫ ላይ መጠምጠም ጋዝን ፈጽሞ አያግድም።

የነቀዝ ኪኒን፦ በመኝታ ቤት ውስጥ ያለ አደጋ

ይህ ቅደም ተከተል ለገበሬው ቤተሰብ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው በእህል ማከማቻ ላይ ነው። ለነቀዝ የሚጨመረው ኪኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል። በአየርና በእህሉ ውስጥ ያለ እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ያመነጫል። 3 ግራም የሚመዝነው አንድ ኪኒን 1 ግራም ያህል ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ በጆንያ፣ በጎተራ ስንጥቅና በመዝጊያ ክፍተት ያልፋል፤ ሽታው ስላልተሰማ ብቻም የለም ማለት አይቻልም።

በደጋው አደጋውን የሚያባብሱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ብርዱን ለመከላከል መስኮትና በር ተዘግቶ ይታደራል፤ እህሉም ብዙ ጊዜ ሰው በሚተኛበት ጣሪያ ሥር ነው። ሁለተኛ፣ በቅዝቃዜ ወቅት ጋዙ ቀስ እያለ ስለሚወጣ ኪኒኑ ብዙ ቀን ይቆያል፤ "ትናንት ስለሆነ አልፏል" ብሎ መተኛት ሕይወት ያስከፍላል።

ስለዚህ ኪኒኑ ሰው ወይም እንስሳ በሚያድርበት ቤት ፈጽሞ አይጨመር። መጨመር ግድ ከሆነ ከመኖሪያ በተለየና በሚገባ በታሸገ ማከማቻ፣ በሠለጠነ ሰው ይሁን። በኪኒኑ ላይ ውኃ አይፈስስ፤ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ኪኒኑን አለመፈለግ ነው፦ እህሉን በፀሐይ በሚገባ ማድረቅ፣ ጎተራውን ከአሮጌ እህል ማጽዳት፣ ከዚያም በውስጡ ሁለት የፕላስቲክ ሽፋን ባለው አየር በማያስገባ ከረጢት ወይም በብረት ጎተራ ማስቀመጥ። አየር ያጣ ነቀዝ ያለ መድኃኒት ይሞታል።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ትውከት፣ የደረት መጨነቅ ወይም የትንፋሽ ማጠር የታየበትን ሰው ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። ለፎስፊን ማርከሻ መድኃኒት የለም፤ ሐኪም ሊረዳ የሚችለው ግን ታማሚው በጊዜ ሲደርስ ነው። ወተት መርዝን ያረክሳል የሚለው ልማድ ጊዜ ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም።

በርጭት ጊዜ

በርጭት ወቅት መርዙ ወደ ሰውነት የሚገባው በአብዛኛው በቆዳ በኩል ነው። በተለይ ያልተበረዘው መድኃኒት በሚለካበትና በሚበጠበጥበት ጊዜ ጓንት፣ ረጅም እጅጌና ቦቲ ጫማ ያስፈልጋሉ። የተደፈነ የመርጫ አፍንጫ በአፍ አይነፋ። ነፋስ ሲበረታ ርጭት ይቁም። የተረጨበት ልብስ ከቤተሰቡ ልብስ ተለይቶ ይታጠብ። ባዶ ዕቃው ለውኃ ወይም ለዘይት አይዋል፤ ሦስት ጊዜ ታጥቦ ይበሳ። በመያዣው ግርጌ ያለው ቀለም የመርዙን ደረጃ ያመለክታል፤ ቀይ እጅግ አደገኛ ነው፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ በቅደም ተከተል አደጋቸው እየቀነሰ ይሄዳል። አረንጓዴ ማለት ግን መርዝ አይደለም ማለት አይደለም።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። መከላከያ መሣሪያ ማቅረብ፣ ስለ አደጋው ማስገንዘብና በሥራ ላይ የደረሰን ጉዳት መዝግቦ ማሳወቅ የአሠሪው ነው። አደገኛ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሠራተኞች የጤና ምርመራ ወጪም እንዲሁ። ሠራተኛውም የተሰጠውን መሣሪያ በአግባቡ የመጠቀምና ጉድለት ሲያይ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ቅሬታ ያለው ሠራተኛ ለአካባቢው የሥራ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሊያመለክት ይችላል። የጸረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 674/2002 ይመራል።

በራሱ ማሳና በራሱ ጎተራ የሚሠራ ገበሬ ግን አሠሪም ተቆጣጣሪም የለውም፤ ተቆጣጣሪው እውቀቱ ነው። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ስለ እህል አቀማመጥና ስለ ርጭት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ስለ ሕመም ምልክቶች ሊያማክሩት ይችላሉ። ዛሬውኑ ሊደረግ የሚገባው አንድ ነገር ቢኖር ቤተሰቡ በሚተኛበት ክፍል ኪኒን የተጨመረበት እህል አለመኖሩን ማረጋገጥ ነው። ካለም ሰውና ከብት ከቤቱ ወጥተው በርና መስኮቱ ይከፈት፤ የግብርና ባለሙያው መጥቶ ሳያረጋግጥም ማንም ተመልሶ አይደርበት።