ከፊትና ከኋላ ያሉት ፎቶዎች

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የአንድ ፎቶ ታሪክ ላውጋችሁ።

አገሩ ብራዚል ነው፤ ቦታው ኤማስ ብሔራዊ ፓርክ፣ ጊዜውም ሌሊት። ሰማዩን ከዋክብት ሞልተውታል። ከሜዳው መሀል አንድ ትልቅ ኩይሳ ቆሟል፤ ገላው ሁሉ በአረንጓዴ ብርሃን ነጠብጣብ ተሸፍኗል። የሚያበሩት የጥንዚዛ እጮች ናቸው፤ በብርሃናቸው ነፍሳትን እያታለሉ ይበላሉ። ከኩይሳው ሥር ደግሞ አፈ ረጅሙ ጉንዳን በል ምስጡን ሊዝቅ ከጨለማው ብቅ ብሏል።

ያየው ሁሉ አፉን ያዘ። የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በሚያዘጋጀው የዱር እንስሳት ፎቶ ውድድር፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ፎቶው በዘርፉ አሸነፈ።

ቆዩ፣ ወደ ጉዱ ከመድረሳችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እናንተ ብትሆኑ እንዲህ ያለውን ሌሊት በምን ታነሡታላችሁ? በሮው ወይስ በጄፔግ?

ሮው ማለት ሴንሰሩ የተቀበለው ብርሃን ሳይነካካ የተቀመጠበት ፋይል ነው። ባለ 14 ቢት ከሆነ ከጥቁር እስከ ደማቅ 16,384 ደረጃዎችን ይለያል። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም ያለው 256 ብቻ ነው። ቀለሙን ካሜራው ራሱ ይወስናል፤ ዐይን አይለየውም ያለውን ይጥላል፤ የቀረውን አጥብቦ ያስረክባችኋል። እንጀራው ከተጋገረ በኋላ ሊጥ ላድርግህ ቢሉት እሺ አይልም። በጥላ የተዋጠ ጠጉር ከሮው ተፈልቅቆ ይወጣል፤ በጄፔግ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ተቀብሮ ይቀራል።

እሺ፣ ወደ ጉዳችን እንመለስ።

እ.ኤ.አ. በ2018 ሙዚየሙ ጥቆማ ደረሰው። በዚያው ፓርክ የጎብኚዎች ማዕከል ውስጥ ሞቶ ቆዳው ተሞልቶ ለእይታ የቆመ ጉንዳን በል አለ፤ የፎቶውም እሱ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። አምስት ሳይንቲስቶች ለየብቻቸው አነጻጸሩ። የጠጉሩን አበቃቀል፣ ምልክቶቹን፣ አቋቋሙን መረመሩ፤ አምስቱም አንድ እንስሳ ነው አሉ። ፎቶ አንሺው አጥብቆ ካደ። ሮው ፋይሎቹንም አቀረበ፤ ከአሸናፊው ፎቶ በፊት የተነሡትን፣ በኋላም የተነሡትን።

በአንዱም ላይ ጉንዳን በል አልነበረም። ለምን እንደሌለ የራሱን ምክንያት ሰጠ፤ ሽልማቱ ግን ተነጠቀ።

እንግዲህ ልብ በሉ! ሮው የሚመሰክረው ብርሃኑ በሌንሱ በኩል መግባቱን ነው። ከሌንሱ ፊት የቆመው ፍጥረት ይተንፍስ አይተንፍስ አያውቅም። ጥርጣሬው የበረታው አሸናፊው ፎቶ ጎረቤት በማጣቱ ነው።

የዜና ሰዎችስ? ሮይተርስ እ.ኤ.አ. በ2015 ለነፃ ፎቶ አንሺዎቹ ከሮው የተሠራ ፎቶ እንዳይልኩ፣ ካሜራው በጄፔግ ያወጣውን እንዲልኩ አዘዘ። ሙዚየሙ ሮው አምጣ ሲል እነዚህ ጄፔግ አምጣ አሉ፤ ሁለቱም የሚፈሩት የሰውን እጅ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ባሌ፣ ሳነቴ አምባ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ቀይ ቀበሮ በጠራራ ፀሐይ ፍልፈል ያድናል። ያደባል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ዘሎ ይወርድበታል። በዚያ ፀሐይ የቀይ ጠጉሩ ቀለም በጄፔግ በቀላሉ ይቃጠላል፤ ጠጉር የነበረው ቀይ ቀለም ብቻ ይሆናል። ሮው ያድነዋል። ግን ሮው ከባድ ነው። በዝላዩ ላይ ጣታችሁን ካላነሣችሁ የካሜራው ጊዜያዊ ማኅደር ይሞላና ካሜራው መንቀርፈፍ ይጀምራል፤ ቀበሮው ፍልፈሉን ነክሶ ሲነሣ እናንተ ካርዱን ትጠብቃላችሁ። ጄፔግ ከሆነ ግን ረጅም ርቀት ያስኬዳችኋል።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። እንስሳው ቆሞ ሲያያችሁ፣ ብርሃኑም አስቸጋሪ ሲሆን፣ ሮው። ሩጫው ረዝሞ ካሜራችሁ ካልቻለ፣ ጄፔግ፤ ብርሃኑን ግን አስቀድማችሁ አስተካክሉ። ካርዳችሁ ሰፊ ከሆነ ሁለቱንም አንድ ላይ አንሡ። ከሁሉ በላይ ግን ማታ ተቀምጣችሁ ስትመርጡ የደበዘዘውን፣ ጭራው የተቆረጠውን፣ ጀርባውን የሰጠውን ሁሉ ጠራርጋችሁ አታጥፉ። አንድ ቀን «እውነት ነው?» የሚል ሰው ሲመጣ፣ ለምርጡ ፎቶ የሚቆሙለት እነዚያ የተናቁት ናቸው።