የሚልክ እጅ፣ የሚቀበል እጅ

ስሙኝማ! ዛሬ የማወጋችሁ ባሕር ተሻግሮ ስለሚሄድ ገንዘብ ነው፤ ይልቁንም ስለሚቀበለው ሰው።

እ.ኤ.አ. በ1998 መጨረሻ ላይ ካሊፎርኒያ ውስጥ ማክስ ሌቭቺን የሚባል ወጣት ነበር። ተወልዶ ያደገው ኪየቭ ነው፤ ከቤተሰቡ ጋር አሜሪካ የገባው በአሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ከፒተር ቲየልና ከሉክ ኖሴክ ጋር ሆኖ አንድ ኩባንያ አቋቋመ። ሐሳባቸው ምን ነበር? ፓልም ፓይለት በሚባል መዳፍ ላይ በሚያዝ መሣሪያ ገንዘብ ማስተላለፍ። ሁለት ሰዎች መሣሪያቸውን ፊት ለፊት ይደቅናሉ፤ ዓይን የማያየው ጨረር ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ በቃ፣ ተከፈለ።

በ1999 ባለሀብቶች ገንዘባቸውን ሊሰጧቸው ተስማሙ። ርክክቡ በጋዜጠኞች ፊት፣ ዉድሳይድ በምትባል ከተማ በሚገኝ ምግብ ቤት፣ በዚያው በመሣሪያው እንዲሆን ተቀጠረ። ሌቭቺን የይስሙላ ማሳያ አላቀርብም አለ፤ ሥራው እውነተኛ መሆን ነበረበት። እሱና ጓደኞቹ እንቅልፍ በዓይናቸው ሳይዞር ቀናት አሳለፉ። ሰዓቱ ደረሰ፤ ሚሊዮን ዶላሮች ከመዳፍ ወደ መዳፍ አለፉ። ሌቭቺን ኦምሌት አዘዘና እዚያው ጠረጴዛው ላይ እንቅልፍ ጣለው። ሲነቃ ኦምሌቱ አጠገቡ አለ፤ ሰዎቹ ግን ሄደዋል።

መሣሪያው ብዙም አልዘለቀም። ሰዎቹ የወደዱት በኢሜይል መላክን ነበር፤ በተለይ ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ዕቃ የሚሸጡት፣ ቼክ በፖስታ እስኪመጣ መጠበቅ የሰለቻቸው። ፔይፓል የሚለው የአገልግሎቱ ስም ገነነ። በ2002 ኢቤይ በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው።

በዚህ ሁሉ መሐል ግን አንድ ጥያቄ አላስተኛ አላቸው። ላኪውስ፣ ተቀባዩስ በእርግጥ ማን ነው? አጭበርባሪዎች በኮምፒውተር ፕሮግራም በገፍ የሐሰት ሒሳብ ይከፍቱ ነበር። ዛሬ ሁላችንም የምናውቀውን፣ የተጣመሙ ፊደላትን አንብበህ ጻፍ የሚለውን ፈተና በንግድ ሥራ ላይ ቀድመው ካዋሉት መካከል እነሱ ናቸው።

እንግዲህ አገልግሎቱ ድንበር ሲሻገር ይኸው ጥያቄ ከመንግሥታት አፍ መጣ። ገንዘብ ለማስቀበል ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የተቀባዩ ማንነት መጣራት አለበት፤ የሚገባው ዶላር በማዕከላዊ ባንክ መዝገብ መታወቅ አለበት።

ሕንድን እንይ። ቤቱ ተቀምጦ ለአሜሪካ ደንበኛ ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው አስቡ። በ2010 መጀመሪያ ላይ ከፔይፓል ወደ አገሩ ባንክ የሚወርደው ክፍያ ተቋረጠ። ላቡን ያፈሰሰበት ገንዘብ በስሙ ተመዝግቦ ስክሪኑ ላይ ይታየዋል፤ የቤት ኪራይ ግን አይከፍልለትም። በ2011 አዲስ ደንብ ወጣ፦ በአንድ ጊዜ ከ500 ዶላር በላይ መቀበል አይቻልም፤ የገባውም በሰባት ቀን ውስጥ ወደ ባንክ ይውረድ። ጣሪያው ወደ 3,000 ዶላር ከፍ ያለው በዚያው ዓመት ነው። የማዕከላዊ ባንኩ ሥጋት ይገባኛል፤ የውጭ ምንዛሪ የማይታይበት አገር መተዳደር ያቅተዋል። ቅጣቱ የወረደው ግን ምንም ባላጠፋ ሠራተኛ ላይ ነው፤ ይህ ይቆጨኛል።

ቱርክ ደግሞ የኮምፒውተር ሥርዓታችሁን በአገሬ ውስጥ አድርጉ አለች፤ ፈቃዱን ከለከለች፤ በ2016 ፔይፓል ጠቅልሎ ወጣ። ለናይጄሪያ አገልግሎቱ በ2014 ተከፈተላት፤ አከፋፈቱ ግን ወደ ውጭ ብቻ እንደሚገፋ በር ነበር። የሌጎስ ሰው ከዓለም ገበያ እንዲገዛ ተፈቀደለት፤ ሸጦ እንዲቀበል ግን አልተፈቀደለትም። በ2021 ፍለተርዌቭ የሚባለው የክፍያ ኩባንያ ከፔይፓል ጋር ተዋውሎ የአፍሪካ ነጋዴዎች የሚቀበሉበትን መንገድ ከፈተ፤ ያም ለነጋዴ ድርጅት እንጂ በግሉ ለሚሠራ ሰው አልነበረም።

ኬንያ ላይ ግን ልቤ ይሞቃል። በ2007 የተጀመረው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ኤምፔሳ ቀድሞውኑ ገንዘብን በየኪዮስኩ አድርሶት ነበር። በ2018 ከፔይፓል ጋር ተያያዘ፤ ናይሮቢ ያለ ጸሐፊ ከውጭ የተከፈለውን ወደ ስልኩ አውርዶ ጥግ ላይ ካለችው ሱቅ በሽልንግ ይቀበላል።

የእኛስ የኢትዮጵያ ልጆች? ለውጭ ደንበኛ ሠርቶ፣ በገዛ ስሙ መቀበል ስላልቻለ «አክስቴ፣ በስምሽ ይግባልኝና ላኪልኝ» የሚል ወጣት ጥቂት አይደለም። አክስት ዋሽንግተን ሆና እሺ ትላለች፤ ታዲያ በስሟ የገባው ገቢ እንደ ራሷ ሊታይ ስለሚችል የግብር ጥያቄ ለእሷ ሊመጣ ይችላል። ሒሳቡ ቢታገድም ሠራተኛው ስሙ ስለሌለበት አቤት የሚልበት የለም። ቴሌብር ከ2021፣ ኤምፔሳ ከ2023 ጀምሮ እኛ ጋ ይሠራሉ። ስልኩ አለ፤ ሙያው አለ። የቀረው ፈቃድ ሰጪዎቹና ኩባንያዎቹ ተቀምጠው፣ የሠራ ሰው ክፍያው በገዛ ስሙ እንዲገባለት መስማማታቸው ነው።