በ1 ዩሮ ሁለት ጊዜ የተሸጠው መደብር

በ1 ዩሮ ቤርሊን ውስጥ አንድ ስኒ ቡና እንኳ አይገኝም። ካርሽታት የተባለው የጀርመን ትልቅ መደብር ግን በዚችው 1 ዩሮ ሁለት ጊዜ ተሸጧል፤ አንድ ጊዜ በ2010፣ ሌላ ጊዜ በ2014። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያው ሽያጭ ሲፈጸም 120 ቅርንጫፎችና ወደ 25 ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞች ነበሩት። ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር በ1 ዩሮ የሚሸጠው ምን ቢሆን ነው?

ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ "ኢንተርኔት ገደለው" የሚል ነው። ይህ መልስ ለእኔ አልተዋጠልኝም። ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ኢንተርኔት ሲደርስ ግን በሽተኛው አልጋ ላይ ከዋለ ቆይቷል። ኢኬያ ጀርመን የገባው በ1974 ነው፤ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሻጩ ሜዲያ ማርክት የተከፈተው በ1979። የቤት ዕቃ ፈላጊው ወደ አንዱ፣ ቴሌቪዥን ፈላጊው ወደ ሌላው ሄደ። መኪና ያለው ደግሞ ከከተማ ዳር ወዳሉት ሰፋፊ ገበያዎች ነዳ። "ሁሉም ነገር በአንድ ጣሪያ ሥር" የሚለው ሐሳብ ያኔውኑ አርጅቶ ነበር። ያም ሆኖ እርጅና ሌላ፣ በ1 ዩሮ መሸጥ ሌላ።

ከመጀመሪያው እንነሣ። ሩዶልፍ ካርሽታት ሱቁን የከፈተው በ1881 በሰሜን ጀርመኗ የወደብ ከተማ በቪስማር ነው። የሚሸጠው ጨርቃ ጨርቅና የተዘጋጀ ልብስ ነበር። ዱቤ የለም፤ ክርክርም የለም፤ ዋጋው ቁርጥ ነው። ዛሬ ይህ ምንም አይመስልም። በዚያን ጊዜ ግን ሻጭና ገዢ ሲከራከሩ መዋላቸው፣ ደንበኛም ወስዶ ሲመቸው መክፈሉ የተለመደ ነበር። (መርካቶ ገብቶ በጫማ ዋጋ የተከራከረ ሰው "ቁርጥ ዋጋ" የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ ያውቃል።) ካርሽታት ጥሬ ገንዘብ እጁ ስለሚገባ ከፋብሪካ በብዛትና በርካሽ ገዛ፤ በርካሽ ስለገዛም በርካሽ ሸጠ። ምሥጢሩ ይኸው ነው።

ይህ ሐሳብ የእሱ ብቻ አልነበረም። ሌኦንሃርድ ቲትስ በ1879 በሽትራልዙንድ ከተማ ሱቅ ከፍቷል። ወንድሙ ኦስካር ቲትስ ደግሞ በ1882 በጌራ ከፈተ። ገንዘቡን የሰጠው አጎቱ ሄርማን ቲትስ ስለነበር ሱቁም በአጎቱ ስም ተጠራ። የቬርትሃይም ቤተሰብም መነሻው እዚያው ሽትራልዙንድ ነው። እነዚህ ሁሉ አይሁዳውያን ቤተሰቦች ነበሩ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ካርሽታት በ1920 ከቴዎዶር አልቶፍ ኩባንያ ጋር ተዋሐደና እየገዘፈ ሄደ። በሰኔ 1929 በቤርሊን ሄርማንፕላትስ አደባባይ የከፈተው ሕንፃ የዚያ ዘመን ትዕቢት ሁሉ የተጠራቀመበት ነው። 56 ሜትር የሚደርሱ ሁለት ማማዎች፣ ከምድር ለምድር ባቡር ጣቢያ በቀጥታ ወደ ሱቁ የሚያስገባ በር፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ 4,000 ካሬ ሜትር የአትክልት ሥፍራ! ሠፈሩ የወዛደር ሠፈር ነው። ምንም ለመግዛት አቅም የሌለውም ቢሆን ጣሪያው ላይ ወጥቶ ከተማዋን ቁልቁል ያይ ነበር። እኔ የዚያን ጣሪያ ፎቶግራፍ ባየሁ ቁጥር ቀኑን እቆጥራለሁ። ከአራት ወር በኋላ የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ወደቀ።

ውድቀቱ ካርሽታትን ከነዕዳው አገኘው። ባንኮች ገብተው ኩባንያውን እንደገና አዋቀሩት። "መልሶ ማዋቀር" የሚባለው ነገር ለዚህ መደብር አዲስ አይደለም ማለት ነው። መሥራቹ ሩዶልፍ ሀብቱን አጥቶ በ1944 በሽቬሪን ከተማ ሞተ። ሄርማንፕላትስ ላይ ያለው ሕንፃም ብዙ አልቆየም። በሚያዝያ 1945 ሶቪየቶች ቤርሊን ሲገቡ አፈንድተው የጣሉት ራሳቸው ጀርመኖቹ ናቸው። ዕቃ ግምጃ ቤቱ ለጠላት እንዳይተርፍ ያደረጉት የኤስ ኤስ ወታደሮች ናቸው ይባላል።

አሁን ወደ እነ ቲትስ ልመለስ። የናዚ ፓርቲ ገና በ1920 ባወጣው ፕሮግራም፣ በነጥብ 16፣ ትልልቅ መደብሮች ባስቸኳይ ከባለቤቶቻቸው ተወስደው ለትንንሽ ነጋዴዎች በርካሽ እንዲከራዩ ጠይቆ ነበር። በ1933 ሥልጣን ሲይዝ ግን ያደረገው ሌላ ነው። መደብሮቹን አልበተናቸውም፤ ባለቤቶቹን አባረረ እንጂ። ባንኮቹ ብድር ሲከለክሉ የሄርማን ቲትስ ወራሾች ድርጅታቸውን አስረክበው ወጡ። ጌኦርግ ካርግ የተባለ ሰው ኃላፊ ሆነ፤ በኋላም ባለቤት። ስሙም ከሄርማን "ሄር"፣ ከቲትስ "ቲ" ተወስዶ "ሄርቲ" ተባለ። የሰውየውን ንብረት ወስዶ ስሙን ቆራርጦ ማስቀረት እንዴት ያለ ነገር ነው? የሌኦንሃርድ ቲትስ መደብር በበኩሉ "ካውፍሆፍ" ሆነ። ካርሽታትም ንጹሕ አልነበረም፤ በዚያው በ1933 አይሁዳውያን ሠራተኞቹን አባሯል።

ካርሽታት በ1994 ሄርቲን ሲጠቀልል የቬርትሃይምን ስምና ንብረትም አብሮ ወረሰ። ከዚህ የመጣ የመሬት ክርክር ለዓመታት ፍርድ ቤት ሲመላለስ ቆይቶ፣ በ2007 ኩባንያው የአይሁዳውያንን የካሳ ጥያቄ ለሚያቀርበው ድርጅት 88 ሚሊዮን ዩሮ ለመክፈል ተስማማ። ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ የተከፈለ ዕዳ ነው። የሚገርመው፣ ያ ስምምነት የተፈረመው ኩባንያው ከእግሩ ሥር ያለውን መሬት ራሱ ሸጦ በጨረሰበት ሰሞን መሆኑ ነው።

ለእኔ የውድቀቱ እውነተኛ ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በ1999 ካርሽታት በፖስታ ከሚሸጠው ክቨሌ ጋር ተዋሐደ። ሁለት የደከሙ ሰዎች ሲደጋገፉ እንደማለት ነው። በ2004 ኩባንያው አደጋ ላይ ወደቀ፤ በ2005 ቶማስ ሚደልሆፍ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ መጣ። ሚደልሆፍ በ2005 ከ70 የሚበልጡ ትንንሽ ቅርንጫፎችን ለእንግሊዞች ሸጠ። (እነሱም "ሄርቲ" የሚለውን ስም ከመቃብር አውጥተው ለጠፉባቸው፤ በ2008 ከሰሩ፣ በ2009 ተዘጉ።) በ2006 ደግሞ ዋናውን ነገር ሸጠ፤ ሕንፃዎቹን። ጎልድማን ሳክስ ያለበት ሽርክና በ4.5 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ወሰዳቸው።

ነገሩን ቀለል አድርገን እንየው። አንድ ሰው መሐል ከተማ የራሱ ቤት ላይ ሱቅ አለው። ገበያ ቀዝቅዟል፤ ግን ኪራይ ስለማይከፍል ይኖራል። ዕዳ ሲበዛበት ቤቱን ይሸጥና ዕዳውን ይከፍላል፤ ከዚያ እዚያው ቤት ተከራይ ሆኖ ይቀመጣል። ለአንድ ዓመት እፎይ ይላል። ኪራዩ ግን በውል ከዓመት ዓመት ይጨምራል፤ ገበያው አይጨምርም። የካርሽታት ታሪክ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ቁጥሩ ብቻ። ዕዳው ሲከፈል ጋዜጦች "አዳኙ" እያሉ አወደሱት፤ ኩባንያውም በ2007 ስሙን "አርካንዶር" ብሎ ቀየረ።

አዳኙ በ2009 መጀመሪያ ሄደ። በሰኔ አርካንዶር የ650 ሚሊዮን ዩሮ ዋስትና መንግሥትን ጠይቆ ተከለከለ፤ በማግስቱ ሰኔ 9 ኪሳራ አወጀ። ክቨሌ እስከነአካቴው ፈረሰ። የክቨሌ ወራሽ የሆኑት ማዴላይነ ሺከዳንስ ቢሊዮኖች ከእጃቸው ወጥተው፣ በወር ከ500 እስከ 600 ዩሮ እየኖርን ነው ብለው ለጋዜጣ በመናገራቸው አገሩ ሁሉ ሳቀባቸው። ሚደልሆፍ በበኩሉ በ2014 በኤሰን ፍርድ ቤት የኩባንያ ገንዘብ ያለአግባብ በማጥፋትና በግብር ማጭበርበር ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ከክሱ መካከል የመንገድ መጨናነቅን ለመሸሽ ከቤት ወደ ሥራ በሄሊኮፕተር መመላለሱ ይገኝበታል። ሻጮቹ በዚያው ሰሞን የገናና የእረፍት ጊዜ ክፍያቸውን እየተዉ ነበር።

የመጀመሪያው ባለ1 ዩሮ ገዢ ኒኮላስ በርግሩን ነው፤ ቋሚ ቤት ሳይኖረው ሆቴል ለሆቴል በመኖር የታወቀ ቢሊየነር። ሠራተኛው በጭብጨባ ተቀበለው፤ አከራዮቹም ኪራይ ቀነሱ። ነገር ግን የሚጠበቀው ገንዘብ አልመጣም። "ካርሽታት" የሚለው ስም ራሱ ለብቻው ተወስዶ ስለነበር መደብሩ በገዛ ስሙ ለመጠራት ክፍያ ይከፍል ነበር! ከኢኬያ የመጡት ሥራ አስኪያጅ ኤቫ ሎታ ሾስቴት በ2014 አምስት ወር ሳይሞላቸው፣ የመጣሁበት ሁኔታ አሁን የለም ብለው ለቀቁ። ከሳምንታት በኋላ በርግሩን በገዛበት በ1 ዩሮ ለኦስትሪያዊው ሬነ ቤንኮ ሸጠው።

ቤንኮ የሱቅ ሰው አይደለም፤ የሕንፃ ሰው ነው። ሲግና የተባለው ኩባንያው በ2012 መጨረሻ 17 የካርሽታት ሕንፃዎችን ገዝቶ ነበር። ስለዚህ አከራዩ የተከራዩም ባለቤት ሆነ ማለት ነው። ኪራዩ ከፍ ሲል የሕንፃው ዋጋ በወረቀት ላይ ከፍ ይላል፤ በዚያ ወረቀት ደግሞ ብድር ይገኛል። ተቺዎቹ ደጋግመው ያነሡት ይህንን ነው። በ2018 ካውፍሆፍም ተጨመረ። እንግዲህ ካርሽታት፣ የሄርማን ቲትስ ቅሪትና የሌኦንሃርድ ቲትስ ቅሪት አንድ ላይ የገቡት በዚህ ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው በቁጥር ይበቃል። በ2020 መጀመሪያ ከ170 በላይ ቅርንጫፎች ነበሩ። ኮሮና መጣ፤ ወደ 40 የሚጠጉ ተዘጉ። መንግሥት በሁለት ጊዜ 680 ሚሊዮን ዩሮ አበደረ፤ አብዛኛው አልተመለሰም። በ2022 ሁለተኛ ኪሳራ፤ 92 ቀሩ። በኅዳር 2023 ወለድ ጨምሮበት ሲግና ራሱ ወደቀ፤ በጥር 2024 የመደብሩ ሦስተኛ ኪሳራ ታወጀ። በዚያው ዓመት አዲስ ባለሀብቶች "ጋሌሪያ" በሚል ስም 83 ቅርንጫፎችን ይዘው ቀጠሉ። ቤንኮ በጥር 2025 ተይዞ ታሰረ።

ሄርማንፕላትስስ? ሲግና የ1929ኙን ሕንፃ ገጽታ ከነሁለቱ ማማዎች መልሶ ለመሥራት አቅዶ ነበር። በ2020 የቤርሊን አስተዳደር ይህን ግንባታ ለመደገፍ ተስማማ፤ በምላሹ ሊዘጉ ከነበሩት የከተማዋ ቅርንጫፎች አራቱ ክፍት ሆነው እንዲቆዩ። የሠፈሩ ተከራዮች ኪራይ ይወደድብናል ብለው ሰልፍ ወጡ። ከዚያ ሲግና ወደቀ፤ ማማዎቹ በሥዕል ቀሩ። ከድሮው ሕንፃ የተረፈው በሃዘንሃይደ ጎዳና በኩል ያለ ትንሽ የድንጋይ ግንብ ነው።