ማንነቱ የተሰረቀበት ሰው ስሙንና የብድር ታሪኩን የሚያስመልስበት መንገድ

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል በቦሌ፣ በየካና በለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች መታወቂያውንና የእጅ ስልኩን በአንድ ጊዜ የተሰረቀ ነዋሪ ከንብረቱ ዋጋ የሚበልጥ ጣጣ ሊከተለው ይችላል። በሌላ ሰው ስም ሒሳብ መክፈት፣ ብድር መውሰድ ወይም ዋስ ሆኖ መፈረም በሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ይሁንና የወንጀለኛው መቀጣት ብቻውን የተጎጂውን ስም አያጠራም፤ ስሙን የሚያጠራው ተጎጂው በየመሥሪያ ቤቱ የሚያሰባስበው ማስረጃ ነው።

ብዙ ሰው ከስርቆቱ በኋላ ቀድሞ የሚሄደው መታወቂያ ወደሚሰጠው ወረዳ ነው። መቅደም ያለበት ግን ስልኩ ነው። የቴሌብር፣ የሞባይል ባንክና የፋይዳ የማረጋገጫ ቁጥር የሚላከው በስልክ በመሆኑ፣ ሲም ካርዱ በሌባው እጅ እየሠራ በቆየ ቁጥር ጉዳቱ ይሰፋል። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ በ994 ደውሎ መስመሩን ማዘጋት፣ ወዲያውም ሒሳብ ላለበት ባንክ ሁሉ ማሳወቅ ይኖርበታል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የጥሪ ቁጥር 951 ነው።

ቀጣዩ ደረጃ ድርጊቱ የተፈጸመበት አካባቢ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ፖሊስ የሚሰጠው ደብዳቤ የስርቆቱን ቀንና ሰዓት፣ የጠፉትን ሰነዶች ዓይነትና ቁጥር ለይቶ መያዝ አለበት። «ሰነድ ጠፍቶበታል» ብቻ የሚል ወረቀት ለምትክ መታወቂያ ቢበቃም ከባንክ ጋር ለሚደረግ ክርክር እምብዛም አይረዳም። ከዚያ ቀን በኋላ በስሙ የተፈረመ ውል ሲቀርብበት የተጎጂው የመጀመሪያ መከላከያ በደብዳቤው ላይ የሰፈረው ቀን ነው።

ምትክ መታወቂያ በሚጠየቅበት ወረዳ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ የተቋቋመ ክፍለ ከተማ በመሆኑ፣ በሰሚት፣ በአያትና በአካባቢው የሚኖሩ ሰዎች የቀድሞ መታወቂያ የነባሩን ክፍለ ከተማ ስም የያዘ ሊሆን ይችላል። የነዋሪው ማኅደር የት እንደሚገኝ አስቀድሞ ማጣራት ምልልስ ይቀንሳል።

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው የፋይዳ መታወቂያ የአሥር ጣቶች አሻራን፣ የሁለቱን ዓይኖች አይሪስና የፊት ምስልን ስለሚመዘግብ፣ ካርዱ ቢሰረቅም ሌባው በባለቤቱ ስም ዳግም ሊመዘገብ አይችልም። በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ አስገዳጅ የሆነው ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት በተጭበረበረ የቀበሌ ወይም የወረዳ መታወቂያ የተከፈተ ሒሳብና የተወሰደ ብድር ግን በዚሁ ምክንያት ከመዝገብ አይሰረዝም።

አስቸጋሪው የብድር ታሪክ ነው። ተጎጂው አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን የሚያውቀው ብድር ጠይቆ «ያልተከፈለ ዕዳ አለብህ» ሲባል ነው። ባንኮች ብድር ከመፍቀዳቸው በፊት በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የሚገኘውን የብድር መረጃ ሥርዓት ይመለከታሉ። በአሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ለኢኩፋክስ፣ ለኤክስፒሪያንና ለትራንስዩኒየን በየተራ ሲያመለክት፣ በሀገር ቤት ያለው ባለጉዳይ የሚጀምረው ከአበዳሪው ነው፤ መረጃውን ወደ ሥርዓቱ የሚልከው አበዳሪው ነውና። ስለዚህ ተጎጂው የብድር ውሉ፣ ውሉ ሲፈረም የቀረበው መታወቂያና ፎቶግራፍ ቅጂ እንዲሰጠው ለባንኩ በጽሑፍ ያመለክታል፤ ፊርማው የእርሱ አለመሆኑን በግልጽ ይክዳል፤ የፖሊሱን ደብዳቤ አያይዞ መዝገቡ እንዲታረም ይጠይቃል። ማመልከቻው ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን መያዝ አይዘንጋ። ባንኩ ፈቃደኛ ካልሆነ አቤቱታው ለብሔራዊ ባንክ ይቀርባል። ክሱ ፍርድ ቤት ከደረሰም ተከሳሹ ፊርማውን ክዶ በባለሙያ እንዲመረመር መጠየቅ ይችላል።

የመንግሥት ሠራተኞች በዋስትና በኩል ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። ደመወዝን የሚገልጽ ደብዳቤና የመታወቂያ ቅጂ በሌላ ሰው እጅ ሲገቡ ሠራተኛው ያላወቀው ዋስ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትና በግልጽ መሰጠት እንዳለበትና ዋሱ የሚጠየቅበትን ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልጠቀሰ እንደማይጸና ይደነግጋል። የሰው ኃይል ክፍሎችም «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ከመስጠት ተቆጥበው፣ ተቀባዩን ድርጅትና ዓላማውን ለይተው ቢጽፉ ብዙ ጣጣ ይቀራል። በተሰረቀ መታወቂያ ላይ የተመሠረተ ውክልና ተገኝቶ ከሆነ ጉዳዩ ውልና ማስረጃ ዘንድ መቅረብ አለበት።

በተሰረቀ ወይም በሐሰተኛ መታወቂያ ንግድ ፈቃድ ወጥቶ ሐሰተኛ ደረሰኝ የሚሸጥበት አጋጣሚም አለ። ይህን የሚጠረጥር ሰው በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ የተመዘገበ ድርጅት መኖር አለመኖሩን ከግብር መሥሪያ ቤቱ ማጣራት ይችላል።

የሌላውን ሰው ኤሌክትሮኒክ ማንነት መስረቅ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ማንኛውም ሰው ስለ ራሱ የተያዘ የተሳሳተ መረጃ እንዲታረምለት የመጠየቅ መብት አለው። የዚህ አዋጅ ተቆጣጣሪ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።